የወንድሜ ጣት በእኔ ስም

ታናሽ ወንድሜ የእኔን ዛፍ፣ እኔን ሆኖ ሸጠ።

ላይኛው ማሳዬ ላይ አምስት ዓመት የቆመ ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ ነበረኝ። አንድም ሳያስቀር አስቆርጦ ከሰል አደረገው። ሌባ ተሹለክልኮ ቢቆርጠው ኖሮ ሌባ ብዬ እጮህ ነበር። እሱ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየው፣ በውል ነው የሸጠው። ውሉን ሄጄ አይቼዋለሁ። ሻጭ በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው ስም የእኔ ከነአባቴ ከነአያቴ ነው። ከስሙ ሥር ያለው አውራ ጣት ግን የወንድሜ ነው።

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ ማንም አልጻፈልኝም። ፊደል የቆጠርኩት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ እጄ ይዘገያል፣ አንዳንዱ ፊደልም ያጣላኛል። ቢሆንም የእኔ ነው። ሰው ያንብበውም አያንብበውም፣ እንዴት እንደሆነ አንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥ።

ፊደል ሳላውቅ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ፊርማዬ ጣቴ ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ አውራ ጣቴን ይይዝና ሰማያዊው ቀለም ላይ ይደፍቃታል፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አገላብጦ ይጫናታል። በግ ሲሸጥ እግሩን የሚይዙት እንደዚያ ነው። ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም። «ምን ይላል?» ብዬ ከጠየቅሁ «ያው ነው፣ የተባለው ነው» ይለኛል። የተባለው ምን እንደሆነ ደግሞ እሱ ያውቃል። አንዴ የማዳበሪያ መስሎኝ ጣቴን ያኖርኩበት ወረቀት ለመንገድ ሥራ ከድንበሬ ላይ እንዲቆረስ የተስማማሁበት ሆኖ ተገኘ። መንገዱ ራሱ እስከ ዛሬ አልተሠራም። የተቆረሰው ግን አልተመለሰም።

በዚህ ተቃጥዬ ነው አርባ አራት ዓመት ሲሞላኝ የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሕፃናቱ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካኝ ተቀመጥኩ። አስተማሪያችን «አባባ፣ እርሳሱን አይጭመቁት፤ ሞፈር አይደለም» ትለኛለች። የመንደሩ ሰው ሳቀብኝ። ሚስቴ ራሷ «ቄስ ልትሆን ነው?» እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ ቀልዳብኛለች። ስሜን መጻፍ የቻልኩ ሳምንት ግን ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ የቀለሙን ጣሳ ወደ እኔ ገፋው። «ወዲያ በለው» አልኩትና እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀብዬ ፈረምኩ። መስመሩ ተንጋዶ ነበር። እሱም አንገቱን አዘንብሎ አየውና አጥፎ መዝገቡ ውስጥ ከተተው። ከእንግዲህ ጣቴን ለማንም አልሰጥም ብዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ስለ ዛፉ ልናገር። እኛ የምንኖረው በአገው ምድር፣ ከጥርባ ወዲያ ማዶ ነው። በእኛ አገር ዲከረንስ መጀመሪያ ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ ጤፉ ሲታጨድ ችግኙ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት ከሥሩ ሣር ታጭዳለህ። በአራተኛው፣ በአምስተኛው ትቆርጠዋለህ፤ አፈር አልብሰህ ታከስለዋለህ፤ መሬቱ ደግሞ አርፎ ስለቆየ መልሶ ጤፍ ይሰጥሃል። ድሮ ነጋዴው ይመጣና ማሳውን ዞሮ በዓይኑ ይገምታል። አንተም ትገምታለህ። ትጣላላችሁ፣ ትማማላላችሁ፣ ተነስቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። አታላይ ነበር። ግን ፊቱን ታየዋለህ።

ኋላ አንድ ድርጅት መጣ። ጭቅጭቅ ቀረ ተባለ። ገበሬው ይመዘገባል፤ ማሳው በምትበር መሣሪያ ከላይ ይለካል፤ ውሉ በስልክ ይመጣል፤ የፈለገ «እሺ» ይላል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ያቺ የምትበረው ነገር እየጮኸች በላያችን ያለፈች ቀን የመንደሩ ፈረስ ሁሉ ገመዱን በጠሰ። አንድ ጎረቤታችን ጋቢውን ራሱ ላይ ጥሎ ቆሞ «ይቺ ንብ ማር አላት ወይስ መናደፍ ብቻ ነው?» አለ። ሳቅን። ማሳዎቼ ግን የድርጅቱ ሰዎች በያዙት ትልቅ ስልክ መስታወት ላይ ወጥተው ሳያቸው፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ላይኛው እዚህ፣ ታችኛው እዚያ፣ ድንበሩ በቀይ ተሰምሮ። የአባቴን መሬት እንዲያ ከሰማይ ሆኜ አይቼው አላውቅም።

የምዝገባው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ ካለው ሜዳ ላይ ተሰለፍን። መዝጋቢዋ ዳንግላ ካለው ቢሮ የመጣች ሴት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሰው አክባሪ ናት። ተራዬ ደረሰ። ስሜን ነገርኳት፤ ጻፈች። ከዚያ ትንሽ ጥቁር መሣሪያ ወደ እኔ ገፋች።

«አውራ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉልኝ፣ አባት።»

«እፈርማለሁ» አልኳት።

«ፊርማ አይቀበልም። ጣት ነው የሚቀበለው።»

«እኔ መጻፍ እችላለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«ይጻፉ እንጂ፣ ምን ከፋኝ? መሣሪያው ግን አያውቅም፤ ጣት ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ስንት ዓመት ሸሽቼው የኖርኩት ነገር በዚያች ጥቁር ዕቃ ውስጥ ቀድሞኝ ተቀምጦ ኖሯል። ምን ላድርግ፤ ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ጣቴን አሳረፍኩ። መሣሪያው በቀይ በራ። «ይጥረጉት» አለች፤ ጠረግሁ። ቀይ። በውሃ አርሳ ሞከረች። ቀይ። ቀኙን፣ ግራውን፣ አሥሩንም ሞከረች። አሥሩም ቀይ።

ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ። የራሴ ዛፍ እስኪደርስ ዘጠኝ ዓመት ለሰው ከሰል ሳከስል ኖሬያለሁ። ጉድጓዱ ሳይበርድ አፈሩን በእጅህ ትገልጣለህ፤ ከሰሉን በትኩሱ ትለቅማለህ። መጀመሪያ ይፋጅሃል፤ ኋላ አይሰማህም። ጣቶቼ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። መሥመር የለውም። ያ መሣሪያ የሚፈልገው መሥመሩን ነው አሉ። ለከሰል ብዬ የጨረስኩትን ጣት ከሰል ልሸጥ ስል ተጠየቅሁ።

ወንድሜ ፈረሱን ይዞ አጠገቤ ቆሟል። እሱ ዲከረንስ የለውም፤ መሬቱ የድንች ነው፤ ለወሬ ነው የመጣው። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ ጮኸ፦ «የወንድሙን ጣት አይወስድም እንዴ? ከአንድ ማኅፀን አይደለም የወጡት?» ሰው ሳቀ። እናንተ ደግሞ ይህን ቂልነት ትሉት ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን ሰው ሲታመም ወይም አገር ሲርቅ ወንድሙ ጣቱን ያኖርለታል። በእድሩም፣ በማኅበሩም፣ በቀበሌውም እንደዚያ ስንል ነው የኖርነው። ቀለሙ ጣት ላይ ይደርቃል፣ ይታጠባል፣ ነገሩ ያልቃል። የማን ጣት እንደሆነ ዞሮ የጠየቀን የለም።

መዝጋቢዋ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ናት። የመሣሪያው ባትሪ ሊያልቅ እንደሆነ እያየች ነው። ቀና ብላ «ይፈቅዳሉ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ማንንም አልወቅስም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። «የእሱም የእኔም አንድ ነው፤ ይጫን» አልኩ። ወንድሜ የፈረሱን ልጓም ለእኔ አቀብሎኝ ጣቱን በቁምጣው ጠርጎ ተጫነ። አረንጓዴ በራ። «ተመዝግበዋል፣ አባት» አለች፤ እኔን እያየች። ሁላችንም ሳቅን። ከሁሉ የበለጠ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ምንም የለም። ልጄ ቻግኒ ነው ያገባች። በጥር ወንድ ልጅ ወለደችና እኔና ሚስቴ ለክርስትናው ሄድን። መንገድ ተዘጋ ተብሎ ሰነበትን፤ ሳምንት ያልነው ወር ሊሞላው ሆነ። እዚያ ሳለሁ ስልኬ ጮኸች፤ መልእክት ነው። ከፈትኩት፤ ሳጥን ነው። ከላይ እስከ ታች ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። የእኔዋ ስልክ ቁልፍ ያላት አሮጌ ናት፤ የአማርኛ ፊደል አልተጫነባትም። እኔ ፊደል ተማርኩ፣ እሷ አልተማረችም። ለአማቼ አሳየሁት። «ማስታወቂያ ይሆናል፣ ይተዉት» አለኝ። ተውኩት። ያ መልእክት ውሉ ነበር።

ስንመለስ ከመኪና ወርደን ዳገቱን እንደወጣን ሚስቴ ቆመች። «አንተ» አለች፣ «ሰማዩ ምን ሆኗል?» ከላይኛው ማሳዬ በኩል ሁልጊዜ ዛፍ ነበር የሚታየን፤ አሁን ባዶ ሰማይ ነው። ሮጥኩ ልበል? እንደ እኔ ያለ ደረቱ ጭስ የበላው ሰው አይሮጥም። ደረስኩ። ጉቶ ነው። ከዳር እስከ ዳር ጉቶ፤ የከሰሉ ጉድጓድ አመድ ገና ትኩስ ነው። አንዱ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስቴ አጠገቤ ቆማ ጉቶውን መቁጠር ጀመረች።

ወንድሜን ድንቹ ማሳ ላይ አገኘሁት። ቀበሌው ሁሉ ደርቆ የእሱ ድንች አረንጓዴ ነው። ጠረጴዛ የሚያህል ጥቁር መስታወት ወደ ፀሐይ ዞሮ ቆሟል፤ ከእሱ የወጣ ሽቦ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ ከወንዙ ውሃ በቱቦ ይወጣል። የፀሐይ ፓምፕ ነው፤ ነዳጅ አይልም፣ ጭስ የለውም፣ ፀሐይ እስካለ ይሠራል። እሱ ቱቦውን ይዞ እግሩን እየታጠበ ነበር። የተነጋገርነው በአገውኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ቁጣው ይበርዳል፣ ምን ላድርግ።

«ዛፌን ምን አደረግኸው?»

«ጋሸ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጁ ደህና ነው?»

«ዛፌን!»

«ሰዎቹ መጡ። ደርሷል አሉ። አንተ የለህም፣ መንገዱ ዝግ ነው። ዘንድሮ ካልተቆረጠ ዋጋው ይወድቃል አሉ።»

«ማን ሽጥ አለህ?»

«ጣቴን አስጫኑኝ። ዕቃው ስምህን ጠራ። ‹አንተ ነህ ወይ?› አሉኝ። አዎ አልኩ።» ዓይኑን ወደ ቱቦው መለሰ። «አንተው አይደለህ ያልከው? የእሱም የእኔም አንድ ነው አላልክም?»

«የተቀበልከውስ?»

በአገጩ ወደ ጥቁሩ መስታወት ጠቆመኝ። «ይኸው። ለሁላችንም ነው። ለሚስትህም ውሃ ከደጇ መጣላት።»

ሸንበቆ ይዤ ነበር። አልመታሁትም። እስከ ዛሬ አንዳንዴ ያለመምታቴ ይቆጨኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ቱቦ አልጠጣም አልኩ። ምንጩ ድረስ ወርጄ በጀሪካን ለራሴ እቀዳለሁ። ሚስቴ ግን ከቱቦው ትቀዳለች። «ያንን ውሃ በቤቴ አታስገቢ» አልኳት። «ዛፉ እንደሆነ አልቋል» አለች። «ወይ ዛፍ ወይ ውሃ ይኑረኝ እንጂ፣ ሁለቱንም ላጣ ነው? ለወጥህ የምጨምረው የትኛውን እንደሆነ ቀምሰህ ንገረኝ እስቲ።» የትኛው እንደሆነ ቀምሼ አላውቅም። ሁለቱም ውሃ ናቸው።

ቢሮው ዳንግላ ነው አሉኝ፤ ሄድኩ። ከእንጅባራ በሚኒባስ፣ ከመናኸሪያው በጋሪ። ያገኘኋት ያቺው መዝጋቢ ሴት ናት። ገና ስታየኝ አወቀችኝ፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ውሉን በመስታወቷ አወጣችልኝ፤ በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነበብኩት። እሷም አላቻኮለችኝም። አንብቤ ስጨርስ የባሰ ነገር አገኘሁ። የተሸጠው ላይኛው ብቻ አይደለም። ታችኛውም አለበት። «ሁለተኛ ዙር፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይቆረጣል» ይላል።

ታችኛው ማሳ ከላይኛው እጥፍ ነው። ሐኪም ከእንግዲህ ጭስ አጠገብ እንዳትደርስ ብሎኛል። ታችኛው ከተቆረጠብኝ ግን ያለኝ መንገድ ተመልሶ ለሰው ማክሰል ብቻ ነው። እኔና ሚስቴ ለእርጅናችን የያዝነው ያንን ዛፍ ነው፤ ሌላ የለም።

«ሰርዢው» አልኳት።

«አልችልም፣ አባት።»

«ጣቱ የእኔ እንዳልሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ቆመሽ አይተሻል።»

በሩን ዞር ብላ አየች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አይቻለሁ። አላየሁም አልልዎትም። ግን ይህን ለአለቆቼ ብናገር እኔ ከሥራ እወጣለሁ፣ የእርስዎ ዛፍም አይድንም። መዝገቡን የሚያጠፋው የተመዘገበው ጣት ብቻ ነው። ወንድምዎ መጥተው ‹ይህ ስም የእኔ አይደለም› ብለው ይጫኑ። ያኔ ሁሉም ይፈርሳል፣ ውሉም ይፈርሳል።»

«ባይመጣስ?»

«ካልመጡማ በመዝገቡ እርስዎ ማለት እርሳቸው ናቸው።»

«ይኸው እኔ ፊትሽ ተቀምጬ!»

«እኔማ አይዎታለሁ» አለች። «አያስጨንቁኝ እንጂ።»

ከዚያ ቢሮ ወጥቼ ጋሪ ላይ ስወጣ ባለጋሪው «የት ልውሰድዎት?» አለኝ። እኔ የማስበው የት እንደምሄድ ሳይሆን ማን እንደሆንኩ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ልጅ የዳርኩ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ። ድንች ማሳው ላይ እግሩን የሚታጠብ ወንድሜ ግን ከእኔ ይልቅ እኔን ነው።

ወንድሜ አልሄድም አለ። መጀመሪያ ድንቹን አሳበበ፤ ቀጥሎ ፋሲካን። ከፋሲካ በኋላ መንገዱን አሳበበ። ኋላ ማሳበቡን ተወና ለሚስቴ ነገራት፦ «መዝገቡን ካፈረስኩት ጋሸ የላይኛውን ዋጋ መልስ ይለኛል። ፓምፑን ይነቅልብኛል። ልጆቼን ምን ላብላ?» እውነት ለመናገር፣ ልነቅልበት አስቤ ነበር። ነቅዬ የት እንደማደርገው አላውቅም፤ መንቀሉን ብቻ ነበር የማስበው።

ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ሦስት ናቸው፤ አንዱ የሁለታችንም የነፍስ አባት ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እኔ ተናገርኩ፤ ብዙ ተናገርኩ፤ ሌባ አልኩ፣ ይሁዳ አልኩ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሣር ይነጫል። ተራው ሲደርስ ሳይነሣ ተናገረ።

«እሱ ለሰው ሲያከስል ያንን ዛፍ ከከብት የጠበቀው ማን ነው? ሦስት ክረምት። ችግኙን በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ‹ወንድሜ፣ ይቺ መደብ ያንተ ትሁን› ብሎኝ ያውቃል? ይጠየቅ።»

ሽማግሎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ምን እላለሁ? ጠብቋል። አላልኩትም። ወንድም ወንድሙን ቢጠብቅ ይከፈለዋል እንዴ? ያኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት፤ አሁንም እንደዚያ ነው የማስበው።

የነፍስ አባታችን መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው «አንተ» አሉኝ፣ «ያን ዕለት ‹የእሱም የእኔም አንድ ነው› ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«አባ፣ እሱ የጣት ነገር ነው እንጂ…»

«ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

«እንግዲያ ስማ። በላይኛው እሱን ሌባ ልበለው ብል አንተን ሐሰተኛ ማለት አለብኝ። ላይኛው የሄደው ይሂድ። አትጠይቀው። ፓምፑንም አትንካበት። ታችኛው ያንተ ነው። እሱም ዳንግላ ሄዶ ጣቱን ያንሣልህ። ትቀበላለህ?»

ተነሥቼ ልሄድ ነበር። እውነት ነው፣ ተነሥቻለሁ። አምስት ዓመት የቆመ ዛፍ በአንድ ምሽት ሳይሆን በአንዲት ቃል አለቀ። ካህኑም ሆኑ ሌሎቹ ሽማግሎች ያዩት ያቺን ቃል ብቻ ነው። ያ መሣሪያ ባይኖር ቃሌ ቀልድ ሆና ትቀር ነበር፤ ሰው ስቆባት ወደ ቤቱ በሄደ። መሣሪያው ግን ቀልድ አያውቅም፣ ያዛት። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ አልቻልኩም። በሽማግሌ ፊት ለመናገር ይህን ያህል አንደበት የለኝም፤ በወረቀት ነው የሚመጣልኝ፣ ያውም ከስንት ጊዜ በኋላ። ታችኛውን አሰብኩ። ደረቴን አሰብኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«እቀበላለሁ።»

ወንድሜም ተቀበለ። ተሳሳሙ አሉን። ትከሻ ለትከሻ ተነካካን።

ግንቦት ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ሄድን። ከእንጅባራ በአንድ ሚኒባስ፤ እኔ ከሹፌሩ ኋላ፣ እሱ መጨረሻው ወንበር ላይ። ከዳንግላ መናኸሪያ ሁለት ጋሪ ያዝን። ባለጋሪዎቹ እየተጠራሩ «አንድ ቦታ አይደል የምትሄዱት? ለምን በአንዱ አትወጡም?» አሉን። እኔም እሱም በየጋሪያችን ወጣን።

መዝጋቢዋ እኔንና እሱን አጠገብ ለአጠገብ ስታይ ትንፋሿን ለቀቀች። መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ስሜ ወጣ፤ ከሥሩ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። «ሳይጫኑ በፊት መረዳት አለባቸው» አለች። «ካነበቡ ያንብቡት፤ ካላነበቡ ይነበብላቸው።»

ወንድሜ አያነብም። እኔ ስማር አብረን እንግባ ብዬው ነበር፤ «በእኔ ዕድሜ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ከእኔ ሰባት ዓመት ያንሳል። እኔም ወንበሬን ወደ መስታወቱ ሳብኩ። በዚያ ቢሮ ውስጥ አንድ ነገር ለእሱ የማደርግለት ነበረኝ፤ አልክድም፣ ልቤ ትንሽ ሞቅ ብሎት ነበር። ጣቴን ከመጀመሪያው መሥመር ሥር አድርጌ «እኔ ከዚህ በታች ጣቴን ያኖርኩት…» ብዬ ጀመርኩ።

እጁን ዘርግቶ መስታወቱን ሸፈነው።

በአገውኛ ነው የተናገረው፣ ሴትየዋ እንዳትሰማ። «አንተ አታንብብልኝ።»

«ምነው?»

«እሷ ታንብብልኝ። አንተ የሌለውን ታነባለህ።»

አየሁት። አባታችንን ይመስላል፤ ግንባሩ፣ የዓይኑ አቀማመጥ። ፊደል ባወቅሁ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በፊደል አንድ ሰው አታልዬ አላውቅም። ለእድሩ አንብቤያለሁ፤ ለእሱ ራሱ የድንቹን ዘር ወረቀት፣ የልጁን የትምህርት ቤት ውጤት አንብቤለታለሁ። ያን ጊዜ ሁሉ አፌን እያየ ይጠራጠረኝ ኖሯል ወይስ ዛሬ ነው የጀመረው? አልጠየቅሁትም። ጣቱን አምኜ ስሜን የሰጠሁት እኔ፣ በእሱ ዘንድ ዓይኔ የማይታመን ሆኜ ተገኘሁ። ወንበሬን ወደ ኋላ መለስኩ።

ሴትየዋ ሁሉንም አነበበችለት። ስሙ የእኔ እንደሆነ፣ ጣቱ የእሱ እንደሆነ፣ በስህተት እንደተመዘገበ፣ ከዚህ በኋላ በሁለቱም ማሳ ላይ ምንም እንደማያገባው። ሁለት ጊዜ አስደገማት። ከዚያ ጣቱን በቁምጣው ጠርጎ ተጫነ። አረንጓዴ በራ፤ ስሜም ከመስታወቱ ላይ ጠፋ። ትንሽ ቆየ፤ ባዶ ነበር።

እኔን ደግሞ የፊቴን መልክ በፎቶ አንስታ መዘገበችኝ። አሁን በመልክም ይሠራል አሉ፤ አዲስ መጥቷል። ያን ዕለት ቢኖር ኖሮ፣ አልኩ በልቤ፤ ከዚያ ማለቱን ተውኩት። ጨርቅ ፊት አስቁማ ቀና ይበሉ፣ ዝቅ ይበሉ አለችኝ። በመጨረሻ «ከፈለጉ እዚህ መስታወቱ ላይ በጣትዎ እየጻፉ ይፈርሙ፤ ግዴታ አይደለም» አለች። ፈረምኩ። ለግዴታው አይደለም።

ታችኛው ዛፍ ቆሟል። እስኪደርስ እጠብቀዋለሁ፤ ራሴ እሸጠዋለሁ። ላይኛው ላይ ጤፍ ዘርቼበታለሁ፤ ጉቶው ማረሻ ይሰብራል። ወንድሜና እኔ በአንድ ግቢ እንኖራለን፤ በበዓል ሰላም እንባባላለን። ደብዳቤም ሆነ ወረቀት ሲመጣለት ሊያስነብብ ይዞት መንገድ ተሻግሮ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። በደጄ በኩል ነው የሚያልፈው።

የሁለታችን ነገር በመዝገቡ ያለቀው ማክሰኞ፣ ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው።